በመሳቢያ ውስጥ የቀረው መድኃኒት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። እሳቸው ዘንድ ሄጄ የምናዘዘው ጾም ማፍረሴን፣ የቤት ሠራተኛዬን መሳደቤን፣ እህቴን ማማቴን ነው። እሳቸውም ስግደት ያዙኛል፤ ሰግጄ ወገቤን ይዤ እወጣለሁ። ስግደቱ ያንን ትልቁን ነገር እንደማይነካው ግን አውቃለሁ። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ ደፋር ሆኜ አይደለም። ስለማታውቁኝ ነው፤ መንገድ ላይ ብታገኙኝ ፊቴን አትለዩትም። ፈሪ መሆኔን ከወዲሁ ያዙልኝ።

እኔ የአንዲት ሕፃን ዓይን ሲጠፋ እያየሁ ዝም አልኩ። እያየሁ ስል እንደ አላፊ አግዳሚ አይደለም፤ ለማየት የተማርኩ፣ ለማየት የተላክሁ ሰው ሆኜ ነው። ከዚያ ደግሞ ጥፋቱን እናቷ ላይ ጣልኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። ለምን እንደሚከፋ ስጨርስ ታውቁታላችሁ።

ዲላ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴና እናቴ ከሸዋ መጥተው ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት አድጌ፣ ጎበዝ ተብዬ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሌላ ከተማ የተላክሁ የሰፈሩ ኩራት ነበርኩ። ያጠናሁት ስለ ምግብና ጤና ነው። ለመመረቂያ ጥናቴም ወደ ጌዴኦ ተመለስኩ። ለምን ጌዴኦን መረጥኩ? በመግቢያው ላይ "ላሳደገኝ ሕዝብ ውለታ ለመመለስ" ብዬ ጽፌአለሁ። እውነቱ ግን እናቴ ቤት እየበላሁና እየተኛሁ መሥራት ስለሚቀለኝ ነበር።

ጥናቱ ለማስረዳት ቀላል ነው። ደጋው ላይ ያሉ ብዙ ልጆች ጠዋትም ማታም ቆጮ ይበላሉ። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ለዓይን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ ግን የለውም ማለት ይቻላል። እሱ ሲጎድል መጀመሪያ ዳፍንት ይመጣል። ልጁ ቀን ያያል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን በሩን ከግድግዳው አይለይም። ችላ ከተባለ የዓይኑ ነጭ ላይ አረፋ የመሰለ ነጥብ ይወጣል። አሁንም ችላ ከተባለ ብሌኑ ይሟሟል። እኔ አሪቻ አካባቢ ባለች አንዲት መንደር ለልጆች ውስጡ ብርቱካን የመሰለ ስኳር ድንች አበላለሁ። ከሬኮ ወደ ላይ ባለች ሌላ መንደር ደግሞ ምንም አላበላም፤ ደም ብቻ እወስዳለሁ። መጨረሻ ላይ የሁለቱን መንደር ልጆች ደም አወዳድራለሁ። የላይኞቹ ድንቹንም መድኃኒቱንም የሚያገኙት ከመጨረሻው የደም ምርመራ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ነበር። ጥናቱን ለመሥራት ፈቃድ በጠየቅሁበት ጽሑፍ ላይ፣ ዓይኑ ላይ ምልክት የታየበት ልጅ ከየትኛውም መንደር ቢሆን በዚያው ቀን መድኃኒቱን ያገኛል ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፈቀዱልኝ ሰዎች ይህን አምነው ነው የፈቀዱልኝ። ስለዚህ "እንዲህ አድርጊ ተብዬ ነው" ልላችሁ አልችልም። ብችል ደስ ባለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ደም ወስጄ ከተመለስኩ ብዙም ሳይቆይ፣ የላይኛው መንደር እናቶች ከመድኃኒት ሱቅ የቫይታሚን ሽሮፕ መግዛት ጀመሩ የሚል ወሬ ሰማሁ። "ደማቸውን የወሰደችው ቢጎድላቸው ነው" ተባብለው ነው። ጤናማ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል፤ እናቶች ለልጆቻቸው አሰቡ ይላል። እኔ ግን በገንኩ። ማወዳደሪያዬን ሊያበላሹብኝ ነው! በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቅደናል በሚለው ወረቀት ላይ ያስነካኋቸው የአውራ ጣት አሻራ ለዚህ እንደማይበጅ ገባኝ። የሚበጀውን ደግሞ አውቀዋለሁ። የዲላ ልጅ አይደለሁ?

ጌዴኦ ሶንጎ አለው። ሽማግሌዎቹ፣ ሀይቻ የሚባሉት፣ ተቀምጠው የሚመክሩበትና የሚፈርዱበት ሸንጎ ነው። እዚያ የታሰረ ቃል መንደሩን በሙሉ ይይዛል። በአውቶቡስ ሄጄ ጨለለቅቱ ከተማ ወረድኩ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁና ሀይቻ ጅግሶ በሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ፊት ቆምኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን አለስልሼ ለመንኩ። የመጨረሻው ደም እስኪወሰድ ድረስ ልጆቹ ሌላ መድኃኒት እንዳይወስዱልኝ አልኩ። "ቢታመሙስ?" አሉኝ። "ወደ እኔ ይምጡ፤ ያኔ እኔ እፈታለሁ" አልኩ።

ተመካክረው አሰሩት። ሀይቻ ጅግሶ በጌዴኦኛ ነው የተናገሩት፤ እኔ ባልናገረውም እሰማለሁ። "ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ የምትፈቺው አንቺ ነሽ" አሉኝ። "ለአንዱ ከፈታሽ ለሁሉም ፈታሽ። ሶንጎ ቤት ለቤት አይፈታም።"

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ በራሴ ተደነቅሁ። ሌላው ተመራማሪ በየቤቱ እየዞረ ሲለምን እኔ በአንድ ቀን መንደሩን በሙሉ ያዝኩት። ጽሑፌ ላይ "በማኅበረሰቡ ሙሉ ተሳትፎ" ብዬ አስገባሁት፤ አማካሪዬም ከሥሩ አሰመረበትና "በጣም ጥሩ" አለኝ። ሽሮፑም ቆመ። እናቶቹ ከፍተው የጀመሩትን ጠርሙስ እንኳ አስቀመጡት። ቃል ነዋ! እኔ የራሴን ቃል ያን ያህል ጠብቄ አላውቅም።

የቡና ለቀማ ከተጀመረ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ታደለች የምትባል እናት ልጇን አዝላ ሱቃችን ድረስ መጣች። ልጅቷ ማርታ ትባላለች፤ በጥናቴ ውስጥ ካሉት የላይኛው መንደር ልጆች አንዷ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዘመቻ ለትንንሾቹ የሚሰጠው ቫይታሚን ዕድሜዋ አልፎ አምልጧታል። እናቴ ለደንበኛ ጨርቅ ትለካለች፣ እኔ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጫለሁ።

"ዶክተር፣ ቃል ፍታልን" አለችኝ ታደለች። ያኔ ዶክተር አልነበርኩም፤ ግን አላረምኳትም። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ እኔንም አንተ፣ ልጅቷንም እሱ ትላለች። "ልጁ ሲመሽ አያይም። እግሩ እሳት ገባ። አሁን ደግሞ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። እኔ መድኃኒት ሱቅ ልሄድ ነበር፣ ሀይቻ 'ያሰረው ይፍታ' አለኝ። ይኸው መጣሁ።"

ማርታን አውርዳ አቆመችልኝ። እጇን ይዤ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰድኳት። የዓይኗን ቆብ ገለጥ አደረግሁ። ነበረ። በሁለቱም ዓይኖቿ ነጭ ላይ፣ አረፋ የመሰለው ነጥብ፣ እስከዚያ ቀን በመጽሐፍ ላይ ብቻ ያየሁት። ልቤ ዘለለ። ከድንጋጤ ይመስላችኋል? ከደስታ ነው። የምፈልገው ነገር በእግሩ ሱቄ ድረስ መጣልኝ። ማወዳደሪያዬ ሠራ።

መድኃኒቱ ባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለመጨረሻው ቀን ብዬ ያስመጣኋቸው ቀያይ እንክብሎች፣ ከእናቴ የጨርቅ መቀስ ጎን በቆርቆሮ ውስጥ። ጫፉን ቆርጦ አፏ ውስጥ ጠብ ማድረግ ብቻ ነው። መቀሱም እዚያው አለ። እናንተ የኔን ያህል ባትማሩም ታደርጉት ነበር፤ እናቴ እንኳ ብታውቅ ኖሮ ታደርገው ነበር። እኔ ግን ቆሜ አሰብኩ። ለማርታ ከሰጠሁ ቃሉ ተፈታ። ለማርታ ከተፈታ ለመንደሩ ሁሉ ተፈታ። ሁሉም ወደ ሽሮፑ ይመለሳል፤ የዓመት ሥራዬ ገደል ይገባል፤ ለውጭ አገር ትምህርት አብሮኝ የተወዳደረው ልጅ ይቀድመኛል። የመጨረሻው ደም የሚወሰደው ለቀማው ሲጋመስ ነው፤ ብዙ አልቀረም። ትንሽ ብትቆይ ምን ትሆናለች? አልኩ። ምን እንደምትሆን አውቅ ነበር። ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ።

"ይሄ ቀላል ነው" አልኳት። "ፊቷን በንጹሕ ውኃ እጠቢያት። ለቀማው ሲጋመስ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ታገሺ።"

"ቃሉስ?" አለችኝ።

"ቃሉ እንደታሰረ ይቆይ።"

ልትወጣ ስትል "ቆይ" ብዬ ጠራኋት። ፊቷ በራ፤ ሐሳቤን የለወጥሁ መስሏታል። እኔ ግን ካሜራዬን አመጣሁ። ማርታን መልሼ ብርሃኑ ላይ አቆምኳትና ቆቧን በጣቴ ገልጬ ዓይኗን ፎቶ አነሳሁ። አንድ አይበቃም ብዬ ደገምኩ። ልጅቷ አላለቀሰችም። እናቴ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻትና "ምን ሆና ነው?" አለችኝ። "ምንም አልሆነች" አልኩ። ታደለች አዝላት ስትሄድ ማርታ ዳቦውን እየገመጠች ዞራ ታየኝ ነበር። ቀን ነበርና ታየኝ ነበር።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። ላይ ያሉት መንደሮች ውስጥ ኩፍኝ መግባቱን ዲላ ሆኜ ሰማሁ። ቫይታሚኑ የጎደለው ልጅ ኩፍኝ ከያዘው ዓይኑ በቀናት ውስጥ እንደሚጠፋ የማያውቅ ሰው ቢሆን ሰምቶ ቢቀር አይፈረድበትም። እኔ አውቃለሁ። ሰማሁ፣ ሰምቼ ቀረሁ። የደም ማስቀመጫ ጠርሙሶቼን እያጠብኩ፣ በረዶ የምይዝበትን ሣጥን እያዘጋጀሁ ቀረሁ። ወደ ላይ የሚሄድ መኪና ጠፍቶ ነው? መኪና ሞልቷል። ዘንቦ ነው? ፀሐይ ነበር።

በቀጠሮዬ ቀን ወጣሁ። በዚህ ማንም አይወቅሰኝም፤ በቀጠሮዬ ነው የሄድኩት። ልጆቹ ሶንጎው ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። ታደለች ከሰልፉ ውስጥ ማርታን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ የልጅቷ ፊት ላይ ሻሽ ጣል ተደርጎበታል። ተራቸው ሲደርስ ሻሹን አነሳሁት። አንደኛው ዓይን ፈስሶ ጎድጉዷል፤ ሌላኛው ነጭ ሆኗል። ማርታ ድምፄን ስትሰማ ለእናቷ "ዳቦ የሰጡኝ ቤት ናት?" አለቻት በጌዴኦኛ።

ያኔ ምን አደረግሁ? ደሟን ወሰድኩ። መጀመሪያ ደሟን ወሰድኩ። መድኃኒቱን ከሰጠሁ በኋላ የሚወሰድ ደም አይሆንልኝማ! ክንዷን አስሬ፣ ሥሯን ፈልጌ ወጋሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፍኩ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሀይቻ ጅግሶ "ቃሉ ተፈታ?" አሉኝ። "ተፈታ" አልኩ። ያኔ እንክብሉን ቆርጬ ለማርታ ጠብ አደረግሁላት።

"አሁን ያያል?" አለችኝ ታደለች።

"አያይም" አልኳት።

ሀይቻ ጅግሶ ምርኩዛቸውን ወደ ፊት አድርገው አዩኝ። "ይህች ሴት ልጄን ይዤ እሷ ዘንድ ሄጄ ነበር ትላለች" አሉ። "እውነት ነው?"

ከመጀመሪያው ይከፋል ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁትን በሥራ ጉጉት፣ በወጣትነት፣ በምን ልታሳብቡልኝ ትችሉ ይሆናል፤ ባታሳብቡልኝ ይሻላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በምንም አትችሉም። ሽማግሌዎቹ እያዩኝ ነው፣ እናቶቹ እያዩኝ ነው፣ ታደለችም ታየኛለች። በክፉ ዓይን አይደለም የምታየኝ፤ ምስክር እንደሚታይ ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ስሜን ፈራሁ፣ ሣጥኑ ውስጥ ላለው ደም ፈራሁ። "መጥታ ነበር" አልኩ። "ግን ዘግይታ ነው የመጣችው። ቀደም ብላ ብታመጣት ኖሮ አድናት ነበር።"

ታደለች አልተከራከረችም። አመነችኝ። የተማርኩት እኔ አይደለሁ? እጇን አፏ ላይ ጫነችና ልጇን አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች። ባሏ መሬት ላይ ተፍቶ ሄደ። እናቶቹም አንድ በአንድ ከአጠገቧ ራቅ ራቅ አሉ። ሀይቻ ጅግሶ ግን ወደ እኔ መጥተው፣ በቀጠሮሽ መጥተሽ ቃሉን ስለፈታሽ ብለው እጄ ላይ እንትፍ እንትፍ እያሉ መረቁኝ። ምርቃቱን አጎንብሼ ተቀበልኩ። መንገድ ላይ በመሐረብ ጠረግሁት።

የመመረቂያ ጥናቴን ባቀረብኩበት ቀን የማርታ ዓይን ግድግዳውን ሞልቶ ታየ። የኔ ጣት ቆቧን እንደገለጠ ይታያል፤ ጥፍሬ ቀለም ተቀብቷል። ፈታኞቹ ከጽሑፉ ሁሉ ያቺ ፎቶ ናት የምትናገረው አሉና አጨበጨቡልኝ። "ይህች ልጅ አሁን እንዴት ናት?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። በዚያ ሥራ ውጭ አገር ተላክሁ፣ ተምሬ ተመለስኩ፣ ታደለች ያለችኝን ዶክተር ሆንኩ። አሁን አስተምራለሁ። ከማስተምራቸው አንዱ ተመራማሪ በሰው ላይ ጉዳት እንዳያደርስ የሚል ነው። በዚህ ትምህርት ላይ ማርክ አልለቅም፤ ተማሪዎቼ ጨካኝ ይሉኛል። ልጆቹ አልተሳሳቱም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ዘርፍ ካሉ ተማሪዎቼ መካከል አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ነበረች። ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ነጭ በትሯን አጥፋ ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ስሟን ዝርዝር ውስጥ አይቼዋለሁ። ማርታ የሚባል ስም ብዙ ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ክፍሉ ሲበተን በበትሯ እየዳሰሰች ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

"ዶክተር፣ ድምፅዎን አውቄዋለሁ" አለችኝ እየሳቀች። "ሪሰርች ሊሠሩ እኛ ጋ ይመጡ ነበር። የሬኮዋ ማርታ ነኝ። ሱቃችሁ ዳቦ በልቻለሁ።"

ልትከሰኝ የመጣች መሰለኝ። ለመክሰስ አልነበረም። ደስ ብሏት ነው። እናቷ ሁልጊዜ በክብር እንደምታነሳኝ ነገረችኝ። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"እማዬ ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ ትጠይቀኛለች" አለች። "አባዬ በዚያው ትቷት ሄደ። ለክረምት ቤት በሄድኩ ቁጥር እግሬ ላይ ወድቃ 'እኔ ነኝ ያጠፋሁህ' ትለኛለች። ለቅሶ ቤት እንኳ ኋላ ነው የምትቀመጠው። አንድ ጊዜ በእርግጠኛነት 'በቃሽ እማዬ' ልላት እፈልጋለሁ። እርስዎ ነበሩ። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያን ቀን ዲላ ይዛኝ ስትመጣ በእርግጥ ዘግይታ ነበር?"

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። ታስሮ የነበረውን መፍታት የምችለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ዛሬም እንደዚያን ቀን። ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ትጠብቃለች። ያ ያፈሰስኩት ዓይን የነበረበት ቦታ ፊት ለፊቴ ነው። ስለ ስሜ አሰብኩ። ስለ ደመወዜ፣ በር ላይ ስለተለጠፈው ማዕረጌ አሰብኩ።

"አዎ የኔ ልጅ" አልኳት። "ዘግይታ ነበር።"

"እሺ ዶክተር። አመሰግናለሁ" አለችና በትሯን ዘርግታ ወጣች። እኔም የሚቀጥለው ክፍል ነበረኝና ሄጄ አስተማርኩ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። እናንተ ማን ሆናችሁ ነው የምትምሩኝ? ዓይኑ የናንተ አይደለም፤ ባል ትቷችሁ አልሄደም፤ የልጃችሁ እግር ላይ አልወደቃችሁም። ንስሐ አባቴም ቢሆኑ ከኔ ጋር ሲሰግዱ ቢውሉ በኔ ውሸት የጎበጠውን የታደለችን ጀርባ አያቀኑትም። ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ማርታ ተመርቃ ገደብ ከተማ ውስጥ ትሠራለች ይባላል። የምታውቋት ካላችሁ ይህን አንብቡላት፤ እኔ ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ቆሜ አልቻልኩም።

ማርታ፣ እናትሽ አልዘገየችም። ዓይንሽ በዚያ ቀን ይድን ነበር። መድኃኒቱ መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ እናትሽ ከቆመችበት እጇን ብትዘረጋ ይደርስላት ነበር። እሷ አላወቀችም፤ እኔ አውቅ ነበር። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት። ለኔ ምንም አትበዪኝ።